ቢጫ ያገረጣሻል

ጨርቅ ነጋዴዋ ዙቤዳ ሞታ የተገኘችው እዚያው ሱቋ ውስጥ፣ ከመደርደሪያዋ ሥር ነው። አንገቷ ላይ ቢጫ ሐር ተጠምጥሟል። መቶ አለቃ ጉቱ እንደደረሰ በሩን ከውስጥ አስቀረቀረና፣ «ነገሩ ሳይለይ ማንም አይወጣም» አለ።

እማማ አሰፋች የልጅ ልጃቸውን የብርቄን ክንድ ጨምድደው ይዘዋል። ውጭ የአሰላ ሰው በዝናብ ተኮልኩሏል፤ ውስጡ ማሾ በቀን የሚለኮስበት ጨለማ ነው፤ መተንፈሻ የለው። ሠርጓ የደረሰ ልጅ በሰው ነፍስ ልትያዝባቸው ነው። ጠዋት ለመልሷ ቀሚስ ጨርቅ ልትገዛ የመጣችው እሷ ናት፤ ሰዉም እሷን ይላል።

ሱቁን ለዙቤዳ ያከራዩት አቶ ሀብተ ማርያም እጃቸውን ከካፖርታቸው ኪስ ሳያወጡ መሰከሩ። ጎረቤት ካለው ክፍላቸው ሆነው ሰምተዋል።

«ልጅቱ ቢጫውን ካልወሰድኩ ስትል፣ ዙቤዳ አልሸጥልሽም ስትል ተጨቃጨቁ።»

ብርቄ ግን ጭቅጭቅ አልነበረም አለች። ዙቤዳ እንደ ልማዷ በሩ ላይ፣ ብርሃኑ ዘንድ አቁማ ጨርቁን ሁሉ ፊቷ ሥር እያስጠጋች አይታላታለች።

«‹ቢጫ ያገረጣሻል፣ የታመምሽ ያስመስልሻል፤ ለጠይም ፊትሽ ወይን ጠጅ ነው› አለችኝ። እኔም እሱን መረጥኩ።»

እማማ ክው አሉ። ቢጫ ግዢ ብለው የላኳት እሳቸው ናቸው።

ጉቱ ወደ ልብስ ሰፊው ወደ ፍሰሐ ዞረ። ፍሰሐ በሩ ሥር ካለው የስፌት መኪናው ላይ የተቆረጠ ወይን ጠጅ ጨርቅ አንስቶ አሳየ። ብርቄ ከሄደች በኋላ ዙቤዳ ራሷ በጠመኔ አስምራ ሰጥታው፣ ቆርጦ፣ ክር ሊገዛ ወጣ። ሲመለስ ሬሳዋን አገኘ።

መቶ አለቃው ጎንበስ ብሎ ሐሩን በሁለት ጣቱ ገለጥ አደረገ። ጨርቁ መጨማደድ እንኳ አልተጨማደደም። ከሥሩ ያለው ሰንበር ቀጭን ነው፤ ጣቃ የሚታሰርበት ሲባጎ ያወጣው።

«እማማ፣ ልጅቱ ቢጫ እንደምትገዛ ለማን ነገሩ?»

«ለማን እነግራለሁ ልጄ? ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ለአቶ ሀብተ ማርያም ብቻ ነው።» ይህን ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ጉቱ ሁሉንም ዙሪያውን አቁሞ ቀስ ብሎ አስረዳ። ሐሩ የተጠመጠመው ከሞተች በኋላ ነው፤ የጠመጠመውም ሰው ነገሩን በብርቄ ሊያላክክ ፈልጓል። ብርቄ ስትሄድ ዙቤዳ በሕይወት ነበረች። ፍሰሐ ቢሆን ወይን ጠጁን ይጠመጥም ነበር፤ የብርቄን ምርጫ በእጁ ቆርጦታል።

«የእማማን ወሬ የሰማ፣ የዙቤዳን ምርጫ ያላየ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሱቁን ልቀቂ ሲሏት አልለቅም እንዳለችዎ ደግሞ ሰፈሩ ያውቃል። አቶ ሀብተ ማርያም፣ እስቲ እጅዎን ከኪስዎ ያውጡ።»

አወጡ። መዳፋቸውን ሲባጎው ልጦታል።

በሩ ሲከፈት እማማ አሰፋች ወይን ጠጁን አንስተው ብርቄን ደጃፉ ላይ፣ ዙቤዳ ባቆመቻት ቦታ አቆሟት። ጨርቁን ከአገጯ ሥር አስጠጉት። ሲያለቅስ የዋለው ፊት ፈካ።

«እውነትሽን ነው፣ ዙቤዳ» አሉ፣ ወደ መደርደሪያው ዞር ብለው።