የአለማያው ሹራብ

ድሬዳዋ ውስጥ የሱፍ ሹራብ ያለው ሰው ወይ ደጋ የሚጠይቀው ዘመድ አለው፣ ወይ አለማያ ሐይቅ ሽርሽር ይሄዳል። ሣህሉ ደጋ ዘመድ አልነበረውም። የባቡር ጥገና ክፍል በያጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከእሳት ጋር ሲታገል ይውላል። ግራጫ ሹራቡን ከሣጥን የሚያወጣው ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ብቻ ነበር። በዚያ ቀን የክፍሉ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው በአብዲቃድር የጭነት መኪና ተሳፍረው የደንገጎን ዳገት ይወጡና ሐይቁ ዳር ይውላሉ። ሲመለሱ ሹራቡ ተጣጥፎ ሣጥን ይገባል፤ እስከሚቀጥለው ወር ማንም አይነካውም። በዚያ ሙቀት ሹራብ ማየት ብቻውን ላብ ያመጣል።

የሺአረግን ያወቃት በጥር 1949 ነው። ደንገጎ አጋማሽ ላይ መኪናው እንደ ልማዱ ፈላ። ሣህሉ ዘሎ ወረደና ከተጫነው ዕቃ መካከል አንድ ቆርቆሮ አንስቶ፣ ጠብታ ሳያስቀር ራዲያተሩ ውስጥ ገለበጠው። ከላይ፣ ከሴቶቹ መካከል፣ አንዲት ልጅ አንገቷን አሰገገች።

«ወንድም፣ ብርዛችንን ለመኪናው አጠጣኸው» አለችው።

«ውሃ መስሎኝ ነው...»

«ሽታውስ?»

«በያጅ ነኝ። አፍንጫዬ ከሞተ ቆየ።»

አብዲቃድር ሞተሩን አዳመጠና፣ ወላሂ ከእንግዲህ ይቺ መኪና ውሃ አሻፈረኝ ትላለች አለ። ዳገቱ እስኪያልቅ በሣህሉ ተሳቀበት። እሱ ግን የሰማው የአንዷን ሳቅ ብቻ ነበር።

የቲኬት ተቆጣጣሪው የአቶ ጉግሳ ልጅ ናት። አባቷ እሑድ እሑድ ባቡር ላይ ስለሚውል ከእናቷ ከወይዘሮ ማዘንጊያ ጋር ነበር የመጣችው። ሐይቁን አይታው ስለማታውቅ በስስ ቀሚስና በነጠላ ነው የወጣችው። ውሃው ዳር እንደደረሱ ነፋሱ ተነሣ፤ ልጅቷ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ሣህሉ ሹራቡን አውልቆ ዘረጋላት።

«የብርዙ ካሣ ነው» አላት።

ከዚያ ወዲህ ሹራቡ ሁለት ባለቤት አገኘ። ደንገጎ እስኪወጡ እሱ ይለብሰዋል፤ ሐይቁ ሲደርሱ እሷ ትለብሰዋለች። ወይዘሮ ማዘንጊያ ዓይናቸው በሚደርስበት ርቀት፣ ሁለቱ ዳር ዳሩን እየሄዱ ዳክዬ ይቆጥራሉ። ቁጥሩ አንድ ቀን እንኳን ተስማምቶላቸው አያውቅም። እጆቿን ሁልጊዜ ሹራቡ ኪስ ውስጥ ከታ ነበር የምትሄደው፤ እጆቿን የሚያሞቅላት ያ ኪስ ሣህሉን ያስቀናው ነበር። እወድሻለሁ ግን አላላትም። ነገር ማዘግየት ልማዱ ነው። ለብየዳ ሸጋ ጠባይ ነው፤ ለፍቅር ግን እንጃ።

የግንቦቱ እሑድ የሺአረግ ውሃው ዳር አዳልጧት ወደቀች። የሹራቡ እጅጌ በጭቃ ተለወሰ። አጥቤ እልክልሃለሁ ብላ ይዛው ሄደች።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ቀፊራ ገበያ ቅመም የምትሸጠው ጎረቤቱ ሃሊሞ ሹራቡን በጋዜጣ ጠቅልላ አመጣችለት።

«የሺ ናት የላከችው» አለች። «ደህና አድርጎ ይየው ብላለች። ሁለቴ ነው ያለችኝ፣ ሰምተሃል?»

ሣህሉ ደህና አድርጎ አየው። እጅጌውን ወደ ብርሃን አውጥቶ ጭቃው የነበረበትን ቦታ መረመረ፤ ምልክቱም የለም። የሳሙናውን ሽታ በሞተው አፍንጫው ሊያሸት ሞከረ። ከዚያም እንደ ልማዱ አጣጥፎ ሣጥን ውስጥ ከተተው። በግንቦት ሐሩር የሹራብ ኪስ የሚፈትሽ ማን አለ?

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሰኔ ሳይገባ ጀመረ፤ ዝናቡ ከፋ፤ የደንገጎ መንገድ ተናደ፤ ሽርሽሩም ቀረ። ሣህሉ ግን ልቡ ሙሉ ነበር። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት እሺታዋን ከራሷ አፍ ሊሰማ፣ እሱንም እዚያው የተዋወቁበት ሐይቅ ዳር ሊያደርገው ወስኗል። መንገዱ ይጠገናል፣ ሐይቁም የትም አይሄድ፣ ምን ያስቸኩላል ይል ነበር።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ቀፊራ ውስጥ ተገጣጠሙ። እናቷ ጥቂት ራቅ ብለው ሽንኩርት ይመርጣሉ። የሺአረግ ከስታለች።

«ሹራቡ ደረሰህ?» አለችው ቀስ ብላ።

«ደረሰኝ።»

«ደህና አድርገህ አየኸው?»

«አየሁት እንጂ። አስቀምጬዋለሁ።»

ዓይኗን አላነሣችም። «እና... ምን አሰብክ?»

ሣህሉ ስለ ሽርሽሩ የጠየቀችው መሰለው።

«መንገዱ ይጠገን እስቲ። ሐይቁ ዳር እንነጋገራለን። ምን ያስቸኩላል?»

የሺአረግ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ፣ «እንግዲያው በደንብ አስቀምጠው» አለችና ወደ እናቷ ሄደች። ሣህሉ በዚያ ቀን እያፏጨ ነው ሥራ የገባው።

ፍልሰታ ሲፈታ ወሬው ደረሰው። የሺአረግ ለአንድ የደወሌ ጉምሩክ ሠራተኛ ታጭታለች። አላመነም። ከዚያ አመነ። ሽማግሌ ለመላክ አሰበና፣ ቃል በገባች ልጅ ላይ ምን ብዬ ብሎ ተወው። በጥቅምት ሠርጓ ሲሆን የድንኳኑን ዘፈን እየሰማ ከጥገና ክፍሉ ሳይወጣ አመሸ። የሹራቤን ሙቀት ወደደች እንጂ እኔን አልወደደችም አለ። ከዚያም የባሰ ብዙ ክፉ ነገር ተናገረ። እነዚያን ቃላት በኋላ አንድ በአንድ ሊበላቸው ነው።

በኅዳር መንገዱ ተከፈተ። መሄድ አልፈለገም ነበር፤ አብዲቃድር ነው ጎትቶ ያሳፈረው። ሐይቁ ዳር ነፋሱ ሲያይል ሹራቡን አጠለቀና እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ቀኝ እጁ ወረቀት ነካ።

በአራት የታጠፈ የደብተር ወረቀት ነበር።

«ሣህሉ፣ ይህን በአፌ መናገር አፍሬ ነው የጻፍኩት። አባቴ ለሰው ሊሰጠኝ ነው። ፍልሰታ ሲፈታ ቃሉን ይሰጣል። ከዚያ በፊት ሽማግሌ ብትልክ እናቴ ከእኛ ጋር ናት፤ አባቴም እንቢ አይልም። ካላሰብከኝም አትጨነቅ፤ ዝም ካልክ ይገባኛል፤ አላስቸግርህም። ግን የምታስበኝ ይመስለኛል። የሺ።»

ሣህሉ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ደብዳቤው አምስት ወር ሙሉ ከአልጋው ሥር፣ ከራሱ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ሣጥን ውስጥ ነበር። ቀፊራ ላይ የጠየቀችው ምን እንደነበር፣ እሱም ምን ብሎ እንደመለሰላት አሁን ገባው። ምን ያስቸኩላል ነው ያላት። አብዲቃድር መጥቶ ምን ሆንክ ቢለው አፉን ይዞ አለቀሰ።

ወረቀቱን መልሶ እዚያው ኪስ ውስጥ አኖረው። ሌላ ቦታ ሊያስቀምጠው አልቻለም።

ሦስት ዓመት አለፈ። በ1953 ጥር፣ የሺአረግ ወላጆቿን ለመጠየቅ ከደወሌ መጥታ ከእናቷ ጋር ለሽርሽር ወጣች። ሁለት ዓመት ያልሞላት ሴት ልጅ ይዛለች። መኪናው ላይ በሩቁ እጅ ተነሣሡ፤ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ሐይቁ ዳር ግን ሕፃኗ ብርድ አስለቀሳት። ሣህሉ ሹራቡን አወለቀና ለየሺአረግ ዘረጋላት።

ልጅቷን ጠቀለለቻት። ከዚያ በድሮው ልማዷ እጇን ወደ ኪሱ ሰደደች። ወረቀቱን ስታወጣ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ይህን... እስካሁን ይዘኸዋል?»

«ያገኘሁት በኅዳር ነው። እዚሁ ቆሜ።»

«በየትኛው ኅዳር?»

«ከሠርግሽ በኋላ በመጣው።»

የሺአረግ ወረቀቱን መልሳ በአራት አጠፈችው።

«ደህና አድርጎ ይየው ብዬ ልኬ ነበር እኮ።»

«አየሁት። ጭቃው የነበረበትን ቦታ አየሁ።»

ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባዋ ቀደመው። «ክረምቱን ሙሉ በር በሩን ሳይ ከረምኩ» አለች። «በር በተንኳኳ ቁጥር ሽማግሌዎችህ ይመስሉኝ ነበር።»

«እኔ ደግሞ ረገምኩሽ። ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው። «ባሌ ደግ ሰው ነው፣ ሣህሉ። ይህን እወቅልኝ። ክፉ ቢሆን ይቀልለኝ ነበር።»

ወይዘሮ ማዘንጊያ ተጣሩ። የሺአረግ ልጇን ከነሹራቡ አቅፋ ሄደች።

በሳምንቱ ሃሊሞ ሹራቡን አመጣችው። ታጥቦ በጋዜጣ ተጠቅልሏል። ቀትር ነበር፤ ግቢው ይፋጃል። በዚህ ጊዜ ሣህሉ ወደ ሣጥኑ አልሄደም። በሩ ላይ እንደቆመ ሹራቡን ለበሰው።

«ወሪያ፣ አበድክ እንዴ?» አለችው ሃሊሞ።

ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ምንም የለም። ግራውን ፈተሸ። እዚያም ምንም የለም። ወረቀቷን ወስዳዋለች።

«የላከችው ቃል የለም፣ አባዮ፣ እህቴ?»

«የለም። ስጪው ብቻ ነው ያለችኝ።»

ሣህሉ ራሱን ነቀነቀ። ያገባች ሴት የጻፈችውን መልሳ መውሰዷ አግባብ ነው። እሱም ያውቃል። ግን ከእሷ የቀረችው ያቺ ወረቀት ብቻ ነበረች። ሁለቱን እጆቹን በባዶው ኪስ ውስጥ እንደከተተ፣ በሙቀቱ መካከል፣ ሹራቡን ሳያወልቅ ቆመ። ፊቱ ረጠበ። ሃሊሞ ደግ ሴት ናት፤ ላብ ነው ብላ አለፈችው።