ለዋንጫው የተሰፋ ባንዲራ

ልብስ ሰፊው ከማል በስደተኞቹ ሰፈር፣ ሬኒየር ቫሊ ባለች ጠባብ ሱቁ ውስጥ፣ ለዓለም ዋንጫው ሰልፍ በሰፋው ባንዲራ ላይ ተደፍቶ ተገኘ። አናቱን በገዛ ካውያው ፈርክሰውታል። አጠገቡ ሁለት ባዶ የወረቀት ኩባያ ነበር። እንግዳ ለመቀበል ሽር ጉድ የምትል ከተማ ሬሳ አያምርባትምና ፖሊስ ወዲያው ሊበንን ያዘ።

ሊበን የጥገኝነት ጉዳዩ ያላለቀለት የኤርፖርት ሻንጣ ጫኝ ነው። በኮሚኒቲው ስብሰባ ላይ «ቤት አጥቶ ጎዳና ላይ በድንኳን የሚኖር ሰው እየተጠረገ የምን ሰልፍ? ያን ጨርቅ አቃጥለዋለሁ!» ብሎ ፎክሯል። ከተፈረደበት ወደሸሸው አገር መባረሩ ነው። ጠበቃው ሩሐማን ላከ፤ አዲስ አበባ አሥር ዓመት ወንጀል የመረመረች፣ ፈገግታ የማታባክን ሴት።

መጀመሪያ የኮሚኒቲውን ሊቀመንበር አቶ ሀይለየሱስን ጠየቀች።

«ከከማል ጋር ተጣልተው ነበር አሉ።»

«ኮከብ ይግባበት አይግባበት ብለን ነዋ! እምቢ ብሎኝ ኮከቡን ሰፋው። ሶ፣ እኩለ ቀን ላይ ሻይ ይዤ ሄድኩ፣ አብረን ጠጣን፣ ታረቅን። ኩባያዎቹን አላየሽም?»

ጎረቤት ባለሱቋ የኔነሽ ቃሉን ደገፈች። «ሁለት ሻይ ይዞ ሲገባ አይቻለሁ። ከወጣ በኋላ ሊበን በሩን ከፍቶ፣ ወዲያው ሮጠ።»

ሩሐማ የሱቁን ማጠቢያ አየች። ማጣሪያው ላይ የቀረፋ ስባሪ ተይዟል። ከካውያው ጠረጴዛ ሥር ያልተነካ የቴምር ከረጢት አለ።

«ይሄ ቴምር ለምንድን ነው?» አለቻት የሟችን ልጅ አሚናትን።

«ለማፍጠሪያው። ያን ቀን ዓሹራን ይጾም ነበር። የሱና ጾሙን ለሰው አያወራም፤ እኔም ቴምር ግዢልኝ ስላለኝ ነው ያወቅኩት።»

ሩሐማ ያገኘችውን ማታውኑ ለፖሊስ ሰጠች። በማግስቱ ረፋድ ላይ ሁሉም ሱቁ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ መርማሪ ፖሊሱም በር ላይ ቆመ።

«ከማል ጾመኛ ነበር፤ ውሃ እንኳ አልቀመሰም» አለች። «ሻዩ ማጠቢያው ውስጥ ነው የተደፋው፤ ቀረፋው ቀርቷል። አብረን ጠጣን ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ አቶ ሀይለየሱስ። ለዕርቅ ይዘው ገቡ፤ አልጠጣም አለ። ናቀኝ አሉ። ካውያው ቅርብ ነበር። ከዚያ የታረቃችሁ እንዲመስል የእሱን ኩባያ ደፍተው ሬሳው አጠገብ አስቀመጡት። ሊበን የሮጠው ሬሳውን አይቶ ደንግጦ ነው።»

«የዕርቅ ሻይ ገፋብኝ!» ሀይለየሱስ ጮኸ። «ጾመኛ ነኝ ቢለኝ ምን ነበረበት?»

አሚናት ፊቷን ሸፈነች። አባቷ የሞተው ጽድቁን በመደበቁ ነው። ይህን ማወቅ ካለማወቅ ይከፋል።

ካቴና ሲገባለት ሀይለየሱስ ወደ ሩሐማ ዞረ። «እኔንስ ያዝሽ። ሊበን በታሰረ ቀን ግን ኢሚግሬሽን ኮል አድርጌያለሁ።»

ሩሐማ ስልኳን አውጥታ ለጠበቃው ደወለች። ድምፁ ደክሟል። «በማስረጃሽ ንጋት ላይ ፈቱት። ኢሚግሬሽኖች የጣቢያው በር ላይ ጠብቀው ወሰዱት።»

ባንዲራው ለማስረጃ ተይዞ ስለነበር ኮሚኒቲው ካገኘው ሱቅ ሌላ ገዛ። ኮከብ አለበት፤ ማንም አልተከራከረም። ሰልፉ በጭብጨባ ሲያልፍ ሊበን፣ እጁ ታስሮ፣ ሻንጣ ሲጭንበት ከኖረው ኤርፖርት ወደ ሌላ ስቴት እስር ቤት ይሳፈር ነበር።