የእሜቴ መዲና ጉርሻ

ሳቁ ቀድሞ ተሰማ። ከአጋሙ አጥር ወዲያ የሚንደቀደቅ፣ መሀል ላይ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ቆም ብሎ እንደገና የሚፈነዳ ሳቅ ነበር። ሸሪፋ ስልቻውን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆመች።

«አባ! ጀላል ነው። እየሳቀ ነው!»

«ሰምቻለሁ፤ ጆሮ አለኝ እኮ» አለ አባቷ ሀምዱ። የተቆጣ ለመምሰል ቢሞክርም ፈገግታው ከጢሙ ሥር አምልጦ ወጥቷል። «አልሀምዱሊላህ በይና ግቢ።»

ጀላል ከሸሪፋ በአራት ዓመት ይበልጣል፤ አስራ ስምንት ሞልቶታል። አካሉ አደገ እንጂ ልቡ ሕፃን ሆኖ ቀርቷል። ከሰው አይጣላም፣ እንስሳ አይመታም። አንድ አመል ብቻ አለበት፤ የሚንቀሳቀስ ትልቅ ነገር ካየ ሊያቅፈው ይሮጣል። በሬ ይሁን፣ ጎርፍ ይሁን፣ ጣሊያን ያመጣው ካሚዮን ይሁን ለእሱ ሁሉም ያው ነው። እናታቸው በሕይወት ሳለች ከዓይኗ አታርቀውም ነበር። እሷ ስትሞት ሰዎች ለሀምዱ «ልጅህን በሽተኛ ይድንበታል ወደሚባለው ቦታ ውሰደው፤ ይድንልሃል» አሉት። ወሰደው። እዚያ ግን ሰው ከግንድ ጋር በሰንሰለት ይታሰር ነበር። ሀምዱ አንድ ሌሊት አድሮ ልጁን በእጁ ይዞ ወደ ቤቱ ወደ ኩታበር ተመለሰ። ስለ እሜቴ መዲና የነገሩት ከዚያ በኋላ ነው።

እሜቴ መዲና ሆጤ የሚባል ሰፈር የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ልጅ አልወለዱም። ዘመድ የሰለቸውን፣ ቤት የጠበበውን የአላህ እንግዳ ሁሉ ሰብስበው ያኖራሉ። እስላሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት የሰደቃ እህል ያቀብላቸዋል። ጀላል እሳቸው ዘንድ ከገባ አንድ ክረምት አልፎታል።

አባትና ልጅ ዛሬ የመጡት ሊሰናበቱት ነው። እህሉን በረዶ መትቶታል። ሀምዱ ኮምቦልቻ የመንገድ ሥራ አግኝቷል፤ ሸሪፋም ልታበስልለት አብራው ትወርዳለች። ካሚዮኑ የሚነሳው ከቀትር በኋላ ነው። ጀላልን ካሚዮን ወዳለበት ይዞ መሄድ ደግሞ አይታሰብም።

በሩ ላይ ከእሜቴ እንግዶች አንዱ፣ ጎልማሳው የሱፍ ተቀበላቸው። የሱፍ ለሁሉም ሰው ያለው ጥያቄ አንድ ነው።

«በቅሎ አመጣሽ?»

«ዛሬስ አላመጣሁም፣ ጋሼ የሱፍ።»

«ለምን?»

«አሟት።»

«ውይ! አላህ ያሽራት» አለ የሱፍ ከልቡ አዝኖ፤ ከዚያም ሀምዱን ይዞ ስለ በቅሎዋ ሕመም ይጠይቀው ጀመር።

ጀላል ሸሪፋን ሲያይ እየሮጠ መጥቶ ከነስልቻዋ አነሳት። ወፍሯል። ፀጉሩ ተላጭቷል፣ ፊቱ ቅቤ ተቀብቶ ያብረቀርቃል፣ ሸሚዙ ደግሞ ጉድፍ የለበትም። ሸሪፋ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳት ሐሳብ ሁሉ በአንድ ጊዜ ለቀቃት። ኮምቦልቻ አሁን ቅርብ መሰላት።

«የምትወደውን ቆሎ ይዤልሃለሁ» አለችና ቋጠሮውን ፈትታ መዳፉን ሞላችለት።

ጀላል ቆሎውን አየ። ቀጥሎ እሷን አየና አፉን ከፈተ።

ሸሪፋ ሳቀች። «ብላ እንጂ! ምን ትቀልዳለህ?»

አልቀለደም። አፉን እንደከፈተ ጠበቃት። ጣቶቹ ላልተው ቆሎው በመሀላቸው እየሾለከ መሬት ላይ ተንጠባጠበ። የግቢው ዶሮዎች ተሯሩጠው ለቀሙት።

ሸሪፋ መዳፉን አየችው። እናታቸው ይህን እጅ ለማስተማር ሁለት ክረምት ፈጅታለች። የራሷን እጅ ከእጁ በላይ አድርጋ፣ እንጀራውን አብራው እየቆረሰች፣ ወጡን አብራው እየጠቀለለች። ሲያፈስ ትጠርጋለች፤ ሲያፈስ ትጠርጋለች። በመጨረሻ አንድ ቀን ሠርግ ቤት ከወንዶቹ ጋር ለገበታ ተቀምጦ ብቻውን በላ። ያን ቀን አባቷ መንገዱን ሁሉ ሲያንጎራጉር ነበር የተመለሰው።

«ምሳ ቀርቧል፤ ኑ!» የሚለው የእሜቴ መዲና ድምፅ ከቤት ውስጥ ተሰማ።

ገበታው መሀል ላይ ነበር። የግቢው ሰዎች ገብተው ዙሪያውን ሰሌኑ ላይ ተቀመጡ፤ ሲቀመጡም ሁሉም፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ሁለት እጃቸውን ከጭናቸው ሥር ከተቱ። ጀላልም ከተተ። እሜቴ መዲና «ቢስሚላህ» ብለው እንጀራውን በሽሮ ጠቀለሉና ዙሩን ጀመሩ።

«እንካ የኔ ሎሚ። አንቺ ደግሞ፣ አፍሽን ክፈቺ የኔ ዓለም። የሱፍ፣ ዋጥ አድርገህ ነው ወሬ!»

«በቅሎዋ አሟታል እኮ» አለ የሱፍ አፉ እንደሞላ።

«ዋጥና ትድናለች።»

ሁሉም ሳቁ። የእሜቴ እጅ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ይመላለሳል፤ አንድም ጠብታ መሬት አልነካም። ሀምዱ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አላህ ጀነትን ይወፍቅዎት፣ እሜቴ» አለ።

ሸሪፋ ግን ከጭኖቹ ሥር ካሉት እጆች ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት። «እሜቴ» አለች ቀስ ብላ፣ «እጃቸው ላይ የሚቀመጡት ለምንድን ነው?»

«እጃቸው ከተለቀቀማ ገበታው ጦር ሜዳ ነው፣ ልጄ! አንዱ ያፈሳል፣ አንዱ ከሌላው አፍ ይነጥቃል። ደግሞስ ማጉረሱ ለእኔም ደስታዬ ነው። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይባል የለ?» ዞር ብለው ረዘም ያለ ሳል ሳሉ፤ አፋቸውን በሻሻቸው ጠርገው ፈገግ አሉ። «ባለፈው አሞኝ ተኝቼልሽ፣ ጎረቤቴ ፀሐይነሽ ልታጎርስልኝ መጣች። ወላሂ አንዳቸውም አፋቸውን አልከፈቱላትም! እንጀራው ፊታቸው ላይ እንዳለ፣ እኔ እስክነሳ ድረስ ጦማቸውን ዋሉ። ይኸውልሽ፣ እንዲህ ነው የሚወዱኝ።»

«ማሻአላህ!» አለ ሀምዱ።

ሸሪፋ ወደ አባቷ ጠጋ ብላ በጆሮው አንሾካሾከች። «አባ፣ ጀላል በእጁ መብላት ረስቷል።»

«ታዲያ ምን ይሁን? ወፍሯል፣ ይስቃል። እዚያ ሰንሰለት ነበር፣ እዚህ ጉርሻ ነው። ምን ጎደለሽ?»

«እሜቴ ደግመው ቢያማቸውስ? እኛ ኮምቦልቻ ሆነን?»

«ዝም በይ አንቺ ልጅ! የሴትዮዋን ጉርሻ ነቅፈሽ ቅር ቢላቸው የት ልንወስደው ነው? ካሚዮኑ አናት ላይ?»

እውነቱን ነው። ቅር ካላቸው ጀላል ማደሪያ የለውም፤ ጀላል ማደሪያ ከሌለው ኮምቦልቻ የለም፤ ኮምቦልቻ ከሌለ ጎተራው ባዶ ነው። የሰው ጉርሻ መመለስ ደግሞ ፊቱን በጥፊ ከመምታት አይሻልም። ያውም እኚህን ሴት! ሸሪፋ ክፉ ነገር ብታይ፣ ቁስል ብታይ፣ ጩኸት ብትሰማ ኖሮ አፏ ይፈታ ነበር። እዚህ ግን ያለው ደግነት ብቻ ነው። ደግነትን ምን ብለው ይከሱታል? ዝም ብላ አጎንብሳ ብትበላ፣ ወንድሟን ስማ ብትወጣ፣ ማንም አይወቅሳትም።

ዙሩ ደርሶ የእሜቴ መዲና እጅ ወደ ጀላል ተዘረጋ። ጀላል እንደ ወፍ ጫጩት አንገቱን አስግጎ አፉን ከፈተ።

ሸሪፋ ብድግ አለችና ያንን እጅ በሁለት እጆቿ ያዘችው። አጎንብሳ ሳመችው፤ ግን አልለቀቀችውም።

«እሜቴ» አለች፤ «ይችን ለእኔ ያጉርሱኝ።»

እሜቴ መዲና ቅንድባቸውን አነሱ። ከዚያ ግን ለምኖ አፉን የከፈተን ሰው ማን ይከለክላል? አጎረሷት። ሸሪፋ ጉንጯ እንዳበጠ ጀላል አጠገብ ተንበረከከችና ቀኝ እጁን ከጭኑ ሥር ሳበችው። የሰሌኑ ሽንትር መዳፉ ላይ ታትሟል፤ ጣቶቹም ደንዝዘዋል። አሸት አሸት አደረገችለትና እንጀራው ላይ አስቀመጠችው። የራሷን እጅ ከላይ ጫነችበት።

«ቁረስ» አለችው።

ጀላል እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየው። አንዱን ቁራሽ ጣለው። ሁለተኛው አገጩ ላይ ቀርቶ ሽሮው በንጹሕ ሸሚዙ ላይ ወረደ።

«ያ ረቢ! ሸሚዙን!» አለ ሀምዱ። «ሸሪፋ፣ ተይ ብያለሁ!»

አልተወችም። እጇን ግን ከላዩ አነሳች። ጀላል እንደገና ቆረሰ፤ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ከባድ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ግንባሩን አኮማትሮ፣ ጠቀለለ። ትልቅ፣ ጠማማ ጥቅል ነበር፤ ግማሹ ወደቀ፣ ግማሹ አፉ ውስጥ ገባ። ዓይኑን ጨፍኖ ቀስ ብሎ አላመጠ።

ከማዶ የሱፍ አንድ እጁን ከጭኑ ሥር አወጣ። እሜቴ መዲናን እንደ ሌባ በጎን አይቶ መልሶ ከተተው። ደግሞ አወጣው።

እሜቴ መዲና ይህን አዩ። ባዶ የቀረው እጃቸው አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቆየ፤ ከዚያ ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት። ፊታቸው ላይ ያለውን ነገር ሸሪፋ ማንበብ አልቻለችም። በመጨረሻ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ።

«ጨረስሽን» አለ ሀምዱ በሹክሹክታ። «ወላሂ ጨረስሽን።»

ሸሪፋ የወደቀውን እንጀራ ለቀመች፤ ሰሌኑን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

እሜቴ መዲና ማንቆርቆሪያና ገበቴ ይዘው ተመለሱ። በዚያ ቤት ውሃ የሚፈስሰው በእንግዳ እጅ ላይ ብቻ ነበር፤ የግቢው ሰዎች ምግብ ሲያልቅ አፋቸው ይጠረግላቸው ነበር እንጂ እጃቸውን ያስታጠባቸው ሰው የለም። አሮጊቷ ወገባቸውን ይዘው የሱፍ ፊት ጎንበስ አሉ። የሱፍ ምን እንደሚደረግ አላወቀም። እጁን ያዙና ከገበቴው በላይ አደረጉት፤ ውሃውንም በቀጭኑ አወረዱለት።

«ለበቅሎዋም?» አለ የሱፍ።

እሜቴ መዲና አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። ቀና ብለው ማንቆርቆሪያውን ለሸሪፋ ሰጧት። ከየሱፍ ቀጥላ የተቀመጠችው ዘሀራ የምትባለው ልጅ ሁለት እጆቿን አውጥታ ዘርግታ ትጠብቅ ነበር። ሸሪፋ አፈሰሰችላት።

«እሜቴ፣ ቅር አለዎት?» አለ ሀምዱ ተነሥቶ። «ልጅ ናት፤ እሜቴ… ወዴት ነው?»

እሜቴ መዲና ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩ፣ ነጠላቸውን ደረቡ፣ «ፀሐይነሽን ልጠራት ነው፤ ይህን ሁሉ እጅ ብቻዬን አላስተምረውም» ብለው በሩን ከፍተው ወጡ።