አርባ አንድ ፎቶዎች

ሽማግሌው ፎቶ አንሺ ፑርና ቺትራካር ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ፓታን ከተማ ከሚገኘው ስቱዲዮው የእንጨት ደረጃ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። በእጁ ለኤግዚቢሽን የታተመ የፎቶ መጽሔት ጨብጧል።

ኢንስፔክተር ሳቢትሪ ቱላዳር አጠገቡ ቁጢጥ አለች። የእናቷ አሥራ ሦስት የሐዘን ቀናት ያለቁት ትናንት ነው። ዛሬ ሥራ ገብታለች፤ ግን ምንም አይሰማትም። ቁስሉን ያየችው እንደ ተራ ወረቀት ነበር።

«ግንባሩ ሲወድቅ የተጎዳ ነው» አለ ሐኪሙ። «የማጅራቱ ግን ከዚያ በፊት ነው። በብረት ነገር ተመቷል። ከስምንት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ባለው ጊዜ።»

በቤቱ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሚስቱ ናኒማያ ጣሪያው ላይ ከጎረቤት ጋር በርበሬ ታሰጣ ነበር። ሠራተኛዋ ኡጅዋላ ታች ሱቁ ውስጥ የፓስፖርት ፎቶ ፈላጊዎችን ስታስተናግድ ውላለች። የወንድሙ ልጅ ሱቦድ ፎቅ ላይ ነበር።

«ከማን ጋር ተጣልተው ነበር?» አለቻት ሳቢትሪ ሚስቱን።

«ከሱቦድ ጋር ትንሽ ተነጋግረዋል። ፎቶዎቹን ያነሳቸው የሱቦድ አባት ነው። መጽሔቱ ላይ የወጣው ግን የባለቤቴ ስም ብቻ ነው።» እንባ የለም። ጣቶቿ በበርበሬ እንደቀሉ ናቸው።

ሱቦድ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ጠበቃት።

«ከሰባት ሰዓት እስከ አሥር ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም። የአባቴን ፎቶዎች አንድ በአንድ እየከፈትኩ ሳይ ነበር።»

«ሽንት ቤትም አልሄድክም?»

«እሱንም ልፈርም እንዴ?»

ሳቢትሪ ጥግ ላይ የቆመውን ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ አየች። ሁለቱ የብረት እግሮቹ አቧራ ለብሰዋል፤ ሦስተኛው ንጹሕ ነው። ሱቦድን ወደ ታች ልካ የፎቶዎቹን ዝርዝር ከፈተች። አብዛኞቹ ፋይሎች ከባድ፣ አንዳንዶቹ ግን በጣም ቀላል ናቸው። ኡጅዋላን አስጠራች።

«እነዚህ ለምን ቀለሉ?»

«ፎቶ ማያው ፕሮግራም ራሱ ያሳንሳቸዋል፤ ቦታ እንዳይሞላ። ሰው ማውሱን ለአምስት ደቂቃ ካልነካ ከበስተጀርባ ይጀምራል። የነኩት እንደሆነ ቀጥ ይላል።»

ሳቢትሪ እያንዳንዱ ፎቶ የቀለለበትን ሰዓት ከዝርዝሩ ላይ ጻፈችና ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«እትዬ ናኒማያን ጎረቤት አይቷቸዋል። ኡጅዋላን ደንበኞቿ። ሱቦድን ያየው ይህ ማሽን ብቻ ነው» አለች፣ ድምጿ ሳይወጣም ሳይወርድም። «ፎቶ ስከፍት ነበር ብለሃል። ማሽኑ ግን ከስምንት ሰዓት ከዐሥራ አራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ዐሥር ደቂቃ እስኪቀረው ድረስ ሳያቋርጥ አርባ አንድ ፎቶ አሳንሷል። እጅህ ማውሱ ላይ ቢሆን አንድም አያሳንስም ነበር። ወጥተሃል። አጎትህን ደረጃው አናት ላይ በዚያ የብረት እግር መታኸው። እግሩን አጥበህ መለስከው፤ የሌሎቹን አቧራ ግን ረሳኸው።»

ሱቦድ ዓይኑን ወደ ማቆሚያው እግሮች ጣለ።

«የአባቴን ስም ጨምር አልኩት። ‹ለሞተ ሰው ስም ምን ያደርግለታል?› አለኝ።» ቀና አለ። «የትኞቹ ናቸው አርባ አንዱ?»

አንዱን ከፈተችለት። ሩዝ የምትተክል ሴት ናት። ሱቦድ አጎላው፤ የነጠላዋ ክር መታየት ሲገባው ደብዛዛ አራት ማዕዘን ብቻ ሆነ።

«ወደ ነበረበት ይመለሳል?»

«አይመለስም» አለች ኡጅዋላ። «ዋናውን ተክቶታል። ፊልሞቹ ደግሞ ከዓመታት በፊት በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ጠፍተዋል።»

«ማሳነሻውን ያበራሁት እኔ ነኝ» አለ ሱቦድ። «ባለፈው ወር። ረስቼው ነበር።» እጆቹን ለካቴናው ዘረጋ።

ሲወስዱት ሳቢትሪ በሩ ላይ ቆመች።

«ያልተነኩ ስንት ቀሩ?»

«መቶ ስልሳ» አለች ኡጅዋላ።

«ማሳነሻውን አጥፊውና ያነሳቸውን ሰው ስም ጻፊባቸው።»

ኡጅዋላ ፈቃድ እንደምትጠይቅ ወደ ናኒማያ ዞረች። የባሏ አስከሬን ገና ከደረጃው ሥር አልተነሳም።

«ስሙ አሻራም ነው» አለች ናኒማያ። «አሻራም ቺትራካር ብለሽ ጻፊ።»