መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆኑም

ማላማ ንካንዱን ያወቃት ስትቆጣው ነው።

ያኔ በቻምቤሺ ወንዝ ዳር ባለችው ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ የዜና ክበቡን ከተረከበ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ዓርብ ዓርብ ጠዋት ተማሪው ሁሉ ተሰልፎ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ አንድ ልጅ ይወጣና የሳምንቱን ዜና ጮክ ብሎ ያነባል። ልጆቻቸውን ያደረሱ ወላጆችም ቆም ብለው ይሰማሉ። በዚያ ዓርብ የተነበበው «ጤና ጣቢያው የወባ መድኃኒት አለቀበት» የሚል ነበር። ከሰዓት በኋላ ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት ነርስ የክፍሉ በር ላይ ተገተረች።

«ዜናውን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«ተማሪዎቼ ናቸው። እኔ አርሜዋለሁ» አለ ማላማ፣ ጠመኔውን እንደያዘ።

«መድኃኒቱ መደርደሪያ ሙሉ አለ! ዛሬ ግን አንድም ሰው አልመጣም። እናቶች የሚያተኩስ ልጅ ታቅፈው ቤታቸው ቁጭ ብለዋል። ለመሆኑ እኔን የጠየቀኝ ሰው አለ?»

አርባ ተማሪ ዓይኑን መምህሩ ላይ ተከለ።

«አልጠየቅንም» አለ ማላማ።

«እንግዲያው ሐሜት ነው እንጂ ዜና አይደለም» ብላው ወጣች።

ወይ ቁጣ! ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየም ነበር። ማላማ ግን በማግስቱ ይቅርታ ሊጠይቅ ሄደ። በሳምንቱ ማስተካከያውን ሊያሳያት ሄደ። ከዚያ ወዲያማ ሰበብ መች ጠፍቶ! ራስ ምታት የሚባል አያውቅም የነበረው ሰው በወር ሦስት ጊዜ ራሱን ያመው ጀመር።

«ዛሬ ደግሞ በየትኛው በኩል ነው?» ትለዋለች፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ።

«ያው በነገርኩሽ በኩል።»

«የነገርከኝ ግራውን ነበር። አሁን የያዝከው ቀኙን ነው።»

እሱም እጁን ከራሱ ላይ ያወርዳል፤ እሷም የምትጽፈውን ትተዋለች። አንድ ቀን ታማሚ በር ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ እስኪያስል ድረስ ሲተያዩ ቆዩ።

ማላማ ተማሪዎቹን እንዲህ ያስተምር ነበር። «ተረት ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ ዜና ግን ዋናውን ነገር በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይዘረግፈዋል። ማን? ምን? የት? መቼ? ያያችሁትን እንጂ የመሰላችሁን አትጻፉ። 'ብዙ ሰው' ብሎ ነገር የለም፤ ቁጠሩ! ደግሞ ክፉ የተባለበት ሰው ሳይጠየቅ ስሙ አይጻፍም።» የመጨረሻዋ የንካንዱ ናት። ልጆቹም ያውቃሉ፤ እሷን በተናገረ ቁጥር እየተጠቃቀሱ ይስቃሉ።

በዓመቱ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌው እንደ አካባቢው የቤምባ ሕዝብ ወግ ስጦታውን በሁለት ሳህን መሃል ከድነው ይዘው ገቡ፤ የንካንዱ ቤተሰብም ሳህኑን ከፈተና ተቀበለ። እልል ተባለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ማላማና የንካንዱ እናት ፊት ለፊት መተያየት ቀረ። አማችና አማት ይፋፈራሉ። የሴቷ ወገን «እሳት ማሳየት» የሚባለውን ድግስ ደግሶ አማቹን ቤተኛ እስኪያደርገው ድረስ አያናግራቸውም፣ ከእጃቸውም አይበላም። ድግሱ ከመኸር በኋላ ተቀጠረ።

ችግሩ እናትየው የዚያው ትምህርት ቤት ወጥ ሠሪ መሆናቸው ነው። ሰው ሁሉ ባና ንካንዱ፣ የንካንዱ እናት፣ እያለ ይጠራቸዋል። ለአሥራ አራት ዓመት ልጆቹን ያበሉት እሳቸው ናቸው። ማላማ ምሳውን ከቤቱ ቋጥሮ ይመጣ ጀመር። ከሩቅ ሲያያቸው መንገድ ይለውጣል፤ እሳቸውም ከወገባቸው ቺቴንጌ የሚባለውን ሽርጣቸውን ፈትተው ፊታቸውን ይሸፍናሉ። ተማሪዎቹ ደግሞ መች አርፈው! «ቲቸር፣ አማትዎ መጡ!» ይሉና ሽንት ቤት ጀርባ ሲደበቅ ይንከተከታሉ።

«እናቴ ፊትህን ረስታዋለች» አለችው ንካንዱ። «ጀርባህን ግን ከመቶ ሰው መሃል ትለየዋለች።»

«እንዲህ መሸሽ በዛ ይሆን እንዴ?» አላት። የከተማ ልጅ ነው፤ ወጉን የሚያውቀው በወሬ ነው።

«እሷ ደስ ብሏታል። 'የተማረ ሆኖ ያፍረኛል' እያለች ለጎረቤት ታወራለች።»

ደስ ማለታቸውን ሲሰማ ባሰበት፤ ጭራሽ ወጥ ቤቱ ባለበት በኩል ማለፍ ተወ።

አንድ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ያስመልሱ ጀመር። መጀመሪያ ሦስት፣ ከዚያ አሥር ሆኑ። ጠና ያለባቸውን ርዕሰ መምህሩ በመኪና ወደ ከተማ ይዟቸው ሄደ፤ ሌሎቹን ደግሞ ሁለት መምህራን ወደ ጤና ጣቢያ አደረሷቸው። የክበቡ ጎበዝ ቺታሉ፣ የአሥራ አራት ዓመቷ ልጅ፣ ደብተሯን ይዛ ስትሮጥ ዋለች። ወደ ማታ ላይ ጽፋ ያመጣችው ዜና እንከን አልነበረውም። ሠላሳ አንድ ልጆች ታመዋል፤ ራሷ ቆጥራለች። የበሉት ቦሎቄ ለዘር ተብሎ በተባይ መድኃኒት የታሸ ነው፤ ጆንያውን ራሷ አይታለች። ከመጋዘን ያወጡት ባና ንካንዱ ናቸው፤ የመጋዘኑ ዘበኛ መስክሯል።

ማላማ አንብቦ ጨረሰ።

«እሳቸውን ጠየቅሻቸው?»

«ጠየቅኩ ቲቸር። 'የምናገረው አለኝ፤ ግን ለልጅ የሚነገር አይደለም፣ አንድ መምህር ይላክልኝ' አሉኝ።»

«የትኛው መምህር?»

«ግቢው ውስጥ ከእርስዎ ሌላ ማን አለ?»

ሄደ። ወጥ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ባና ንካንዱ ቀና ብለው አዩትና፣ እንደ ልማዳቸው ቺቴንጌያቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ከሸምበቆው ግድግዳ ጀርባ ገቡ። ግን ርቀው አልሄዱም። ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማ። እየጠበቁት ነበር። «እማማ» ብሎ ቢጀምር እኮ በቃ! ግን አማቱን ያናገረ አማች ብለው ቢስቁበትስ? እሳቸውስ ቢቀየሙት? ንካንዱስ? ዞሮ ተመለሰ። አይ ይሉኝታ!

የክፍሉ በር ላይ የመጋዘኑ ዘበኛ ጠበቀው። «መምህር፣ ነገ ዜናው ይነበባል? ወይስ አማትህ ናቸውና ይቀራል?» አለው፣ ፈገግ ብሎ።

ይቺ ፈገግታ ጨረሰችው። ቢያቆየው ሰው ሁሉ «አማቱን ደበቀ» ሊለው ነው። ክፍሉ ገብቶ ተቀመጠ። እስክሪብቶ አነሳና ከቺታሉ ዜና ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረ፦ «ባና ንካንዱ ስለ ጉዳዩ ተጠይቀው መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆኑም።»

«ቲቸር፣ እሳቸው እንዲህ አላሉም እኮ» አለች ቺታሉ።

«ጋዜጣ ላይ እንዲህ ነው የሚባለው።»

«ግን እኮ ይናገራሉ! እርስዎ ከሄዱ…»

«ቺታሉ! ሂጂ፣ ቤት ይጠብቁሻል።»

ልጅቷ ደብተሯን አቅፋ ወጣች። እናቷን እንድትጠይቅልኝ ወደ ንካንዱ ልላክ ይሆን ብሎ አሰበ፤ ከታመሙ ልጆች መሃል አንስቼ አላስጨንቃት ብሎ ተወው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በማግስቱ ሜዳው በወላጅ ተሞልቷል። ቺታሉ ወጥታ አነበበች። ስለ ጆንያው ሲሰሙ አጉረመረሙ፤ ያቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ስትነበብ ግን ሰዉ ገነፈለ።

«ጥፋት ባይኖርባት ለምን ዝም ትላለች?»

«ልጆቻችንን መርዛ ደግሞ አፏን ትዘጋለች!»

ወጥ ቤቱን አፈረሱት። ከዚያም ወደ ባና ንካንዱ ቤት ሄደው ጣሪያውን አወረዱት። ማላማ መሃል ገብቶ ጮኸ፤ ማን ሰምቶት! ድንጋይ ከወረወሩት መካከል በባና ንካንዱ እጅ ያደጉ ልጆች ነበሩበት። ፖሊስ ደርሶ ባያወጣቸው ይገድሏቸው ነበር። ግንባራቸው እየደማ መኪና ላይ ሲወጡ ፊታቸውን መሸፈኛ እንኳ አልነበራቸውም፤ ቺቴንጌያቸውን ሰው ቀዶታል።

የወረዳው እስር ቤት ውስጥ የሚሰማቸው ሳያገኙ አሥራ አንድ ቀን ቆዩ። በአሥራ አንደኛው ቀን አንድ ሻምበል ከእጃቸው የማትለየውን የተቀደደች የቺቴንጌ ቁራጭ አስፈታቸው። ጨርቋ ላይ የተቋጠረች ወረቀት ነበረች። «የምግብ ቦሎቄ አልደረሰም፤ ከዘሩ ጆንያ አውጥተሽ አጥበሽ ቀቅይ» ትላለች፤ ከሥሯ የርዕሰ መምህሩ ፊርማ አለ። ባና ንካንዱ ማንበብ አይችሉም። ሁለት ጊዜ «ይሄ ነገር ቀለሙ አላማረኝም» ብለው መልሰውለት ርዕሰ መምህሩ በሦስተኛው በቃልም አዝዞ ይህን ጽፎ ሰጣቸው። መምህር ይላክልኝ ያሉት ወረቀቷን ሊያስነብቡት ነበር።

ልጆቹ ሁሉ ዳኑ፤ ርዕሰ መምህሩ ከሥልጣኑ ተነሳ። ማላማ ማስተካከያውን በራሱ እጅ ጽፎ፣ ሰልፉ ፊት ቆሞ፣ «ውሸቷን የጨመርኩት እኔ ነኝ» ብሎ አነበበ። ምን ዋጋ አለው? የመጀመሪያውን ዜና ሦስት መንደር ሰምቶታል፤ ማስተካከያውን የሰማው ተማሪው ብቻ ነው።

ባና ንካንዱ ከእስር ሲወጡ የሚገቡበት ቤት አልነበረም። ወንዙን ተሻግረው ወንድማቸው መንደር ገቡ። ንካንዱም ፈቃድ ጠይቃ ተከተለቻቸው። ለማላማ አንዲት ቃል አልላከችም። እሱ ግን በአንድ ነገር ተጽናና፤ ሳህኖቹ አልተመለሱም። ሳህን ካልተመለሰ ጋብቻው አልፈረሰም፣ አሁንም አማች ነኝ ይላል። ይህንኑ ለሽማግሌው ነገራቸው።

«ለምን አላናገርካቸውም ግን?» አሉት ሽማግሌው።

«ወጉ አይፈቅድማ!»

ሽማግሌው ራሳቸውን ያዙ። «አይ ልጄ! ወጉን የሰበረ አማች እኮ ቅጣቱ አንዲት ዶሮ ናት። እሷንም ቤተሰቡ እየሳቀበት ይበላታል። የስንቱ አማች ዶሮ ተበልቷል! ምነው ብትጠይቀኝ?»

ማላማ ሰማይ ተደፋበት። አንዲት ዶሮ! ቤት ፈርሶ፣ ሰው ታስሮ፣ የሚወዳት ልጅ ጥላው ሄዳ፣ ነገሩ ሁሉ አንዲት ዶሮ ነበር።

በማግስቱ ዶሮ ገዝቶ በታንኳ ተሻገረ። ከነዶሮው የወንድምየው ግቢ ሲገባ ባና ንካንዱ ደጅ ተቀምጠው ካሳቫ ይልጣሉ። እንዲሸሹ ጠበቀ። ልማዱ ነውና እሱም ግማሽ ዞር አለ።

አልሸሹም። አዲሷ ቺቴንጌ ወገባቸው ላይ ነበረች፤ እጃቸውን አላነሱም። ግንባራቸው ላይ ያለው ጠባሳ እስኪታየው ድረስ ቀጥ ብለው አዩት።

«መምህር፣ እንኳን ደህና መጡ። ይግቡ፣ ይቀመጡ» አሉት፣ ማንንም መንገደኛ እንደሚሉት።

ማላማ ተንበርክኮ ዶሮዋን ዘረጋላቸው። «ቅጣቴን አምጥቻለሁ፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። ምን አደርጋለሁ ቂም ይዤ?» ዶሮዋን ተቀብለው ወደ ጓዳ ተጣሩ። «ንካንዱ! እንግዳ መጥቷል።»

ንካንዱ ወጣች። ከስታለች። አየችውና ዓይኗን መለሰች። እናቷ ዶሮዋን እያሳረዱ ሳለ አጥሩ ጥግ አጠገቡ ቆመች።

«ትጠይኛለሽ?» አላት።

«ብጠላህ እኮ እገላገል ነበር» አለች። «እወድሃለሁ። ማታ ማታ አለቅስልሃለሁ። ግን እናቴ ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ሆና እግርህ ሲርቅ ሰምታለች። 'መጥቶ ነበር፣ ተመለሰ' አለችኝ እስር ቤት። ሌላ ምንም አላለችም። እንዴት አድርጌ ነው ከአንተ ጋር ጎጆ የምወጣው?»

«ሳህኑን ግን አልመለሳችሁም።»

«ሁለቱም ተሰብረዋል። ጣሪያው ሲወርድ።»

ገንፎውና የዶሮው ወጥ ቀረበ። ባና ንካንዱ በእጃቸው ይዘው መጥተው ፊቱ አስቀመጡና ከፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

«እኔ እዚህ ቤት አልበላም» አለ ማላማ። «አማችዎ ነኝ። እሳት አላሳያችሁኝም።»

«አማቼ ቢሆኑ ፊቴን እሸፍን ነበር፣ መምህር» አሉ ባና ንካንዱ፣ ያለ ምንም ቁጣ። «ይብሉ። ከቤቴ እንግዳ ጾሙን አይወጣም።»

ንካንዱ የእጅ ውሃ ይዛ ጎንበስ አለች።

«አትብላ በይኝ» አላት በሹክሹክታ። «አንዲት ቃል ብቻ። ከዚህ አልነሳም፣ ዓመትም ቢሆን እጠብቃለሁ።»

እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ነበር፤ ውሃውን ግን ጣሳው ባዶ እስኪሆን ድረስ እጁ ላይ አፈሰሰችለት፣ ከዚያ መታጠቢያውን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።

ማላማ ከገንፎው ቆረሰ፣ ወጡን አጠቀሰና በላ። ባና ንካንዱ ጨርሶ እስኪነሳ ድረስ እያዩት ተቀመጡ።