የሠረቀብርሃን ባቄላ

ወዳጆቼ፣ ፍቅር በዓይን ይገባል ትላላችሁ። የእኔ የገባው በክንዴ ነው።

ማኅደረማርያም እባላለሁ፣ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የተላክሁት ያለ ኬሚካል የሚያርሱ ሠላሳ አንድ ገበሬዎችን እንድከታተል ነበር። ማኅበራቸው ባቄላውን ውጭ አገር ለመሸጥ የሚያስችለውን የምስክር ወረቀት ሊያገኝ ሦስተኛውንና የመጨረሻውን ዓመት ይዟል። በመጀመሪያው ቀን ከገበሬዎቹ አንዱ የሆነው የሠረቀብርሃን ግቢ ስደርስ የኮምፖስት ክምሩን አየሁና፣ አዋቂ መምሰል አይደል፣ እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን እስከ ክርኔ ሰደድኩት።

«ወይ እናቴ!»

ውስጡ ይፋጃል! ክንዴን መዝዤ ስዘል ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ።

«እኛ እንኳ ሙቀቱን በዱላ ነበር የምንለካው። ዱላ ሰክተን አሳድረን፣ ስናወጣው እንዳስሰዋለን» አለ ሠረቀብርሃን። «ዘንድሮ ግን ባለሙያ መጡልን፤ ዱላም አያስፈልገን።»

ፊቱ አይስቅም፣ ዓይኑ ግን ይስቃል። ተናደድኩ። ቀዝቃዛ ውኃ አምጥቶ ክንዴ ላይ ቀስ እያለ ሲያፈስልኝ ግን ንዴቴ የት እንደገባ እኔም አላውቅም።

ከዚያ በኋላ በየማክሰኞው እሱ ዘንድ የማያደርሰኝ ጉዳይ ጠፋ። አንድ ቀን በጎቹን ትል እንዳያጠቃቸው ግጦሽ ስለማፈራረቅ ላስረዳው ተቀመጥኩ፤ ስለ በግ አንድም ነገር ሳናነሳ መሸ። «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» ተባልኩ። ነሐሴ ላይ ደግሞ እንዲህ አለኝ፤

«ከመስቀል በኋላ ሽማግሌ ብልክ አባትሽ ያባርሩብኛል?»

«አባቴ ቄስ ናቸው። ሽማግሌ አያባርሩም።»

«አንቺስ?»

«እኔ ቄስ አይደለሁም!» ብዬው ቁልቁል ሮጥኩ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ ወልደ ሰንበት ሽማግሌ ሊሆኑለት ቃል እንደገቡ በማግስቱ ሰማሁ።

መስከረም እንደ ጠባ የሠረቀን ባቄላ ክሽክሽ ወረረው። ቅጠሉን ገልበጥ ስታደርጉት ጥቁር ተባይ ነው፣ ተጣብቆ ይመጠምጣል። ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ወቅጠን በከብት ሽንት ዘፈዘፍን። የማኅበሩ መርጫ ተሰብሮ ስለነበር እኔው ከከተማ አንድ መርጫ ይዤለት ሄድኩ። ረጨ፤ ክሽክሹም ረገፈ። ደስ ብሎኝ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ።

በሳምንቱ ስመጣ ማሳው ዳር ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ባቄላው ተኮማትሯል። ግንዱ ተጣሟል፣ ቅጠሉ ተጠቅልሏል። አጠገቡ ያለው የሠረቀ ገብስ ግን ለምልሞ ቆሟል። ይህን ምልክት አውቀዋለሁ። የአረም መድኃኒት ነው፣ ገበሬው ቱፎርዲ የሚለው። ገብስና ስንዴ አይነካም፣ ነፋስ ወስዶት ባቄላ ላይ ካረፈ ግን ይፈጀዋል።

ሐሙስ የምስክር ወረቀቱ ተቆጣጣሪ ከአዲስ አበባ ይመጣል። አንድ አባል ኬሚካል ረጭቶ ከተደበቀና ከተደረሰበት የሠላሳ አንዱም የሦስት ዓመት ድካም ገደል ይገባል። የረጨው ደግሞ ከማኅበሩ ይባረራል።

ሠረቀ ከማሳው መሐል ቆሟል።

«ገብሱን በቱፎርዲ ረጨኸው?» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ አንድ ቅጠል ቀጠፈ።

«ሠረቀ፣ ንገረኝ!»

«አልረጨሁም።»

«ታዲያ ይሄ ምንድነው?»

ባቄላውን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

«አላውቅም» አለ።

«ውሸታም! ሠላሳ ሰው ጎንበስ ብሎ በእጁ ሲያርም፣ አንተ በአቋራጭ?»

«ማኅደር...»

«አቶ ሠረቀብርሃን፣ ጉዳዩን ለማኅበሩ አሳውቃለሁ።»

አንተ ማለት አቃተኝ። ፊቱ ሲገረጣ እያየሁ ጀርባዬን ሰጠሁት። እንባዬን ማሳውን ካለፍኩ በኋላ ነው የለቀቅሁት።

ጋሽ ወልደ ሰንበት ነገሩን ስነግራቸው ራሳቸውን ያዙ።

«ሽማግሌ ልሆንለት ነበር» አሉ። «አሁን ልፈርድበት ነው።»

ስብሰባው ለረቡዕ ጠዋት ተጠራ። እኔ ለማስረጃ ከባቄላው ጥቂት ግንድ ልወስድ ቀደም ብዬ ወደ ማሳው ወረድኩ። እናቱ እትዬ እናናየሁ ከጓሮ ጎመናቸው አጠገብ ቆመዋል። ሰላምታዬን እንኳ በወጉ አልመለሱልኝም።

«ልጄን ልታስባርሪው ነው አሉ።»

«እትዬ፣ እኔ...» ብዬ ልመልስ ስል ዓይኔ ጎመኑ ላይ ወደቀ። ተኮማትሯል! ማሳው ወዲያ ማዶ ነው፣ ነፋስ እዚህ አያደርሰውም።

«እትዬ፣ ይሄ ጎመን ምን ሆነ?»

ፊታቸውን አዞሩ። «አትናገሪ ብሎኛል።»

«በማርያም!»

ወደ ጎመኑ ጎንበስ አሉ። «ያመጣሽለት መርጫ ውስጥ የተረፈውን ጎመኑ ላይ ደፋው። ለተባይ ጥሩ ነው ብሎ።»

መርጫውን የተዋስኩት ስንዴ ከሚያርስ ዘመዴ ነው። ሁለት ጊዜ በውኃ ለቅለቅ አድርጌ፣ በቃው ብዬ አመጣሁት። ምን ሲረጭበት እንደከረመ አልጠየቅሁም። «የተውሶ መርጫ ወደ ማሳችሁ እንዳይገባ» ብዬ ለእነዚህ ሰዎች በመጀመሪያው ቀን ያስተማርኩት እኔ ነኝ! ስቸኩል የራሴን ትምህርት ረሳሁት። ሠረቀ ደግሞ ይህንን ጎመን አይቶ ሁሉንም አውቋል። አውቆ ነው «አላውቅም» ያለኝ።

ሮጥኩ። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ፣ አልተመለስኩለትም።

የማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ስደርስ ሠረቀ ሰዉ መሐል ቆሞ እየተናገረ ነው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔን አስወጡኝና ሌላው ይዳን።»

«ሐሰት ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ሁሉም ዞረ። ሠረቀ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ተዪ፣ እባክሽ ተዪ የሚል ዓይን አየሁ። አልተውኩም። መርጫውን፣ ዘመዴን፣ ጎመኑን... አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ።

ጋሽ ወልደ ሰንበት ቀስ ብለው ጠየቁኝ፤

«ልጄ፣ ይህ ነገር እንጀራሽን እንደሚያሳጣሽ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ነገ ለተቆጣጣሪውም የምነግረው እኔው ነኝ።»

ነገርኩት። ሰውየው ማሳውን ዞሮ አየ፣ ናሙና ወሰደ፣ ጻፈ። ሳይደበቅ በጊዜ ስለተነገረው ሠላሳው ገበሬ አለፈ። የሠረቀ ሁለት ጥማድ መሬት ግን ተሰረዘ፤ ሦስቱን ዓመት እንደገና ከአንድ ይጀምራል። የእኔ የስንብት ደብዳቤ ደግሞ አርብ ደረሰኝ።

ቅዳሜ ልሰናበተው ሄድኩ። የተበላሸውን ባቄላ ብቻውን እየነቀለ ነው።

«ለበጎቹ እንዳትሰጠው» አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

«አስተምረሽናል እኮ።»

አጠገቡ ጎንበስ ብዬ መንቀል ጀመርኩ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ አትደብቂውም። ከሥራሽ ትወጫለሽ። እኔ መሬት አለኝ፣ አንቺ ያለሽ ደሞዝ ነው ብዬ...»

«እኔ ግን ውሸታም አልኩህ።»

«አልሽኝ» አለ። እጁ ቆመ። «ባቄላውስ ይዘራል። ያ ቃልሽ ነው ያመመኝ፣ ማኅደር።»

«ይቅር በለኝ... ሠረቀ፣ ይቅር በለኝ!»

አለቀስኩ። እሱም ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

«ይቅር ብዬሻለሁ። ሽማግሌውን ግን እንዴት ልላክ? ሦስት ዓመት የዚህን መሬት ባቄላ ውጭ አገር መሸጥ አልችልም። አባትሽ ምን አለው ቢሉ ምን ይባላል?»

«አንተ ላክ» አልኩት። «መልሱን ለጋሽ ወልደ ሰንበት ተውላቸው።»

ጥቅምት ላይ ሽማግሌዎቹ ደብረ ብርሃን ቤታችን መጡ። እኔ ጓዳ ሆኜ ጆሮዬን መጋረጃው ላይ ለጥፌያለሁ። ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም ብለው ቆሙ።

«ልጁ ምን አለው?» አሉ አባቴ።

ጋሽ ወልደ ሰንበት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሁለት ጥማድ የታመመ መሬት አለው፣ ቄስ። እሱንም ያሳመመችው የእርስዎ ልጅ ናት።»

«ማኅደር!» ብለው ጠሩኝ አባቴ። ወጣሁ፤ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ አባዬ።»

አባቴ እኔን አዩኝ፣ ሽማግሌዎቹን አዩ።

«እንግዲያማ ሂጂና አስታሚ» አሉ።