እሱ ሲመጣ የታደሰው አጥር

«መታወቂያ!» አለች ጸሐፊዋ፣ ከብረት በሩ ጀርባ ሆና።

ውጭ የቆመው ሰው መታወቂያውን በበሩ ስንጥቅ አሾለከላት። አገላብጣ አየችው። የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤም ጠየቀች፤ እሱንም ሰጣት። ማኅተሙን ወደ ብርሃን አድርጋ ስትመረምር ሰውየው ፀሐይ ላይ ተገትሮ ቀረ።

«እመቤቴ... ልግባ ወይስ ነገ ልመለስ?»

«ትንሽ ይታገሡ! እዚህ ቤት ዝም ብሎ አይገባም!»

ሰውየው በሩን በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገው። ወለል ብሎ ተከፈተ። መቀርቀሪያው ከተሰበረ ወራት አልፈውታል።

ተፋጠጡ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች!

«እንግዲህ ገብቻለሁ» አለና ሳቀ። ደግሞ አሳሳቁ! እሷም ሳትወድ በግድ ሳቀች።

ቤቱ ከባሎቻቸው ዱላ ያመለጡ ሴቶች የሚጠለሉበት ነው። ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ባል አጥር ዘሎ ገብቷል። ሁለተኛው ሚስቱን፣ ልብስ ሰፊዋን፣ በፀጉሯ እየጎተተ ደጅ ካደረሳት በኋላ ነው ጎረቤት ደርሶ ያስጣላት። ከዚያ ወዲህ ፈቃድ ሰጪው ክፍል ቁርጡን ተናገረ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ አጥሩና በሩ ካልተጠናከረ፣ ካሜራም ካልተተከለ፣ ቤቱ ይዘጋል። የቀረው ተስፋ መንግሥት ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚሰጠው የጥበቃ ማጠናከሪያ ድጋፍ ብቻ ነበር። ሰውየው የዚያ ድጋፍ ገምጋሚ ነው። ያን ቀን የመጣው ማመልከቻው እንዴት እንደሚሞላ ሊያስረዳ ነው። ነጥብ ሊሰጥ የሚመለሰው ከሦስት ወር በኋላ ነው።

በሦስቱ ወር ውስጥ ቅጹ ያልገባት እየመሰለች ስንት ጊዜ እንደደወለች እሷና እሱ ያውቃሉ። «እርስዎ» መባባሉም በሁለተኛው ሳምንት ቀረ።

«"የስጋት ዝርዝር" የሚለው ላይ ምን ልጻፍ?»

«የሚያስፈራሽን ሁሉ።»

«ወረቀቱ አይበቃኝማ!»

«በጀርባው ቀጥዪ።»

«አንተስ... አንተን ምን ያስፈራሃል?»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄ ቅጽ ማለቁ» አላት።

ክው አለች። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። የሴቶቹን የመከራ ታሪክ ስትጽፍ ኖራ፣ ወንድ የሚባል ፍጥረት በሕይወቴ አይገባም ብላ ነበር። አሁን ግን ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

«እንግዲያው ቀስ ብዬ እሞላዋለሁ» አለችው።

«ውጤቱ እስኪወጣ ግን አንገናኝም፤ ሰው ያማናል። ሲወጣ ራሴ መጥቼ አንቺን ከእትዬ እጠይቃለሁ።»

እትዬ የሚሉት የቤቱን ኃላፊ ነው። እሳቸው ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ቤት ተዝረክርኮ ማየት አይወዱም። ግምገማው ሳምንት ሲቀረው፣ «ከመንግሥት ሰው መጥቶ ጉዳችንን ይይ?» አሉ። ጸሐፊዋ ይህን ነበር የምትጠብቀው። በያጅ ለምና መቀርቀሪያውን አስበየደች። የአጥሩን ቀዳዳ በቀጭን ልስን አስደፈነች። ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ ተሰልፈው አጥሩን ነጭ ቀለም ቀቡት።

«ይሄ ሁሉ ቀለም ለአጥሩ ነው ለሰውየው?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ብሩሿን እንደያዘች።

«ዝም በይ አንቺ!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። በዚያ ቤት እንዲያ ተስቆ አያውቅም።

ገምጋሚው ከአንድ ሽማግሌ ባልደረባው ጋር መጣ። ጸሐፊዋ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ በሩ ላይ ጠበቀችው። አጥሩን ሲያይ እግሩ ተሳሰረ።

«እዚህ ጋ... ቀዳዳ አልነበረም?»

«ደፈንነው!» አለች፣ በኩራት። «እናንተ ትመጣላችሁ ብለን እኮ...»

ፊቱ ዐመድ መሰለ። ሽማግሌው በሩን ወዘወዙት፤ አልነቃነቅ አለ። «ጥሩ ነው» ብለው ጻፉ። አጥሩን መታ መታ አደረጉት። «ጥሩ ነው።» እሷም ደስ ብሏት ሻይ ልታፈላ ሮጠች።

ከወር በኋላ ደብዳቤው ደረሰ። ድርጅቱ በአጥርና በበር በኩል የጎላ ችግር ስላልታየበት ድጋፉ ለባሰባቸው እንዲሰጥ ተወስኗል ይላል። ግርጌው ላይ የእሱ ፊርማ አለ። ጸሐፊዋ ደሟ ፈላ። ሲደውል አላነሳችም፤ በማግስቱ ራሱ ሲመጣ ደጅ ላይ አገኘችው።

«በምን እጅህ ፈረምክ?»

«ነጥብ የሚሰጠው ለድክመት ነው። ቅጹ "ዛሬ ምን አየህ?" ነው የሚለኝ። ያን ቀን ያየሁት ደህና አጥር ነው።»

«ያኔ በጣትህ ገፍተህ አልገባህም?»

«ያኔ ለግምገማ አልመጣሁም።»

«አትጠግኑ ብትለኝ ምን ነበረበት!»

«እንደዚያ ብሎ መምከር ያስባርራል። ደግሞ ትጠግኛለሽ ብዬ አላሰብኩም። በምን አውቄ... ለእኔ ብለሽ...»

አልጨረሰውም። እሷም እንዲጨርሰው አልፈለገችም። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ቤቱን ያስዘጋችው እሷ ናት። ልትወደድ ብላ።

«ብትዋሽልኝስ?» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ብዋሽ ትወጂኝ ነበር?»

«አዎ» አለችው። «ዛሬ ልንገርህ፤ አዎ።»

እትዬና ጸሐፊዋ አቤቱታ ጻፉ። ለሚቀጥለው ዓመት ተወዳደሩ ተባሉ። ፈቃዱ ግን የሚቀጥለውን ዓመት አልጠበቀም፤ ፈቃድ ሰጪው ክፍል ቀጭኑን ልስን ፈርፍሮ አይቶ፣ ካሜራም የለም ብሎ ቤቱ እንዲዘጋ አዘዘ። ሴቶቹ አንዳንዶቹ ወደ ዘመድ፣ አንዳንዶቹ ወደማያውቁት ከተማ ተበተኑ። ልብስ ሰፊዋ እህቷ ዘንድ ሞክራ ነበር፤ የእህቷ ባል ፊቱን አጠቆረባት። ተመልሳ ልብሷን ስታጣጥፍ ጸሐፊዋ አጠገቧ ቆመች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ቤቴ ነዋ።» ዐይኗን አላነሳችም። «ተለውጫለሁ ብሏል።»

«እኔ ጋ ነዪ! አንድ ክፍል ብትሆንም...»

«አንቺ ጋ የመጣሁ እንደሆነ አንቺንም ነው የሚገድልሽ። ከነካኝ እደውልልሻለሁ፣ እሺ?»

ጸሐፊዋ ቁጥሯን በወረቀት ጽፋ ከቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ ሰፋችላት። ስፌቱ ጠማማ ሆነ። ልብስ ሰፊዋ አይታ ፈገግ አለች እንጂ አላረመችውም።

ቤቱ ሲዘጋ ገምጋሚው እቃ ሊያግዝ መጣ። ጠረጴዛውን ካወጡ በኋላ ባዶው ክፍል ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«ነዪ» አላት። «ቤት አለኝ። አብረን እንኑር። ሌላ ቤት እንከፍታለን፣ ማመልከቻ እንጽፋለን...»

«እወድሃለሁ» አለች። ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። የእሱ ዐይን በራ። «ለዚህ ነው የማልመጣው። ያንተን ሳቅ ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ደስ ሲለኝ ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ትዝ ትለኛለች። እኔ እሷን መጠጊያ አሳጥቼ ነው የተሞሸርኩት።»

«ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ለዚያ እኮ ነው አንድ ላይ መኖር የማንችለው።»

እጇን ያዘው። አላስለቀቀችውም፤ ቆይቶ እራሱ ለቀቃት።

«መደወልስ?» አላት።

«አትደውልልኝ። እሷ ስትደውል መስመሩ እንዳይያዝባት።»

አሁን ጸሐፊዋ ሌላ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ትጽፋለች። ስልኳን ገልብጣ አታስቀምጥም፤ ሻይ ልትጠጣ ስትወጣም በእጇ ነው። ልብስ ሰፊዋን ልትጠይቅ አንድ ቀን ሰፈሯ ሄዳ ነበር። ለቀዋል አሏት፤ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አላገኘችም።

እሱ ቃሏን አከበረ፤ አንድ ቀንም አልደወለም። ልብስ ሰፊዋም አልደወለችም።